38 ግራም አውሮፕላን

ሰሞኑን ለዘመድ ጥየቃ ጎንደር ሄጄ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ወርቅ ቤት ጎራ አልኩና «እስቲ ይቺን መዝንልኝ» አልኩት ባለሱቁን። ሰውየው ከካርቶኑ ውስጥ ያወጣሁትን ሲያይ፣ ከሚመዘነው ዕቃ ይልቅ እኔን ነበር ቀና ብሎ ያስተዋለኝ። ጤንነቴን ለማረጋገጥ መሆኑ ነው። ዕቃው አውሮፕላን ነበር። ክንፉ ክንድ የሚያህል፣ አጥንቱ ቀርከሃና የማሽላ አገዳ፣ ቆዳው ስስ ወረቀት። ቀስ አድርጎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል ቆየና 38 ላይ ቆመ። ባትሪው፣ ሁለቱ ሞተሮች፣ የሬዲዮ መቀበያው ሁሉ ተደምሮ 38 ግራም!

«ይበራል?» አለኝ።

«እንዴታ! ይበራል።»

«ታዲያ ማን ፈቀደላችሁ?»

ልብ በሉልኝ። «እንዴት ይበራል?» አላለም። «ማን ሠራው?» አላለም። አገራችን ውስጥ አንድ ነገር ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚመጣልን ጥያቄ የፈቃድ ነው። በሰውየው አልፈርድም። እሱ የጠየቀው እኔም፣ እናንተም፣ ሁላችንም የምንጠይቀውን ነው። የዛሬው ጽሑፌ ጠብም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው።

አውሮፕላኑን የሠራው የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 16 ነው። አሠራሩን በመጠኑ ላስረዳችሁ፤ «የልጅ ጨዋታ» እያልን የምናልፈው ነገር ምን ያህል ትምህርት እንደያዘ ካላየን ክርክሩ ትርጉም አይኖረውም።

ፈረንጆቹ ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙት ባልሳ የሚባል እንጨት ነው። በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ሲሆን ከቡሽ ይቀላል፤ ለክብደቱ ግን ጠንካራ ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞስኪቶ የተባለውን ፈጣን አውሮፕላናቸውን ገላ የሠሩት ባልሳን በሁለት ስስ የእንጨት ልባስ መሐል ጨምረው ነበር። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ግን ባልሳ አይሸጥም። ልጁ ምን አደረገ? እኛ በልጅነታችን መነጽርና መኪና የምንሠራበትን የማሽላ አገዳ አመጣና ቅርፊቱን ልጦ ነጩን ውስጡን ወሰደ። ጥንካሬ ለሚፈልገው ቦታ ቀርከሃ ሰነጠቀ። አዲስ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘውን ስስ ወረቀት በኮላ አለበሰው። ከዚያ ውሃ እፍ አለበት፤ ወረቀቱ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በመጨረሻ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ላስቲክ ዘረጋና ፕሮፔለሩን በጣቱ ደጋግሞ አጠማዞ ለቀቀው። አውሮፕላኑ ግቢውን ዞሮ የጎረቤት ጣራ ላይ አረፈ።

የላስቲክ አውሮፕላን ችግሩ አንዴ ከእጅ ከወጣ አይታዘዝም። እንደ ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ልጁ ሬዲዮ ሊገጥምለት ተነሣ። ከገበያ ከተገዛና ተሰብሮ ከተጣለ የቻይና አሻንጉሊት ሁለት ሚጢጢ ሞተሮች፣ ባትሪና መቀበያ ፈታ። ሞተሮቹን በግራና በቀኝ ክንፍ ላይ አሰረ። ወደ ግራ መዞር ሲፈልግ የቀኙን ያፈጥናል፤ ወደ ቀኝ ሲፈልግ የግራውን። ይኼው ነው መሪው።

ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል። ለአንድ አገዳ ግን ሞተርና ባትሪ መሸከም ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ በአፍንጫው ተተከለ። ቀጥሎ ሽቅብ ቀና አለና እንደ ሰከረ ሰው በጭራው ወደቀ። ባትሪውን በግማሽ ጣት ወደ ፊት ሲያመጣው ነው ነገሩ የተስተካከለው። ክንፉን ከፊት ጠርዙ አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ በሁለት ጣት ሲያነሱት ሳያዘነብል መቆም አለበት። ደግሞ አገሩ ደጋ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ደባርቅ ላይ ቢወስዱት ደግሞ በሩብ ያህል። በሳሳ አየር ክንፍ የሚደገፍበት ነገር ያንሰዋል፤ ስለዚህ ወይ መቅለል ወይ መፍጠን ያስፈልጋል። ልጁ መቅለልን መረጠ። የማያስፈልገውን አገዳ በምላጭ እየፋቀ፣ ኮላውን እየቀነሰ 38 ግራም አደረሰው። ይህን ሁሉ ያስተማረው ሦስት ጊዜ የተሰበረው አፍንጫ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ዘመን ሳስተምር አንድ ተማሪ የራሱን ስሕተት ሦስት ጊዜ ፈልጎ ሲያርም ያየሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ታዲያ ምን ተገኘ? ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርእይ ተዘጋጅቶ ልጁም ይዟት ሄደ። የአዳራሹ አዳራሽነት የታየው መሐል ላይ ነው፤ እዚያ ከቆርቆሮ የተበየደ፣ ሰንደቅ ዓላማ የተቀባ፣ ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ያለው አውሮፕላን ቆሟል። አይበርም። እንዲበር ታስቦም አልተሠራም። የክብር እንግዶች በየተራ ተቀመጡበት፤ ፎቶ ተነሡ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። የእህቴን ልጅ ከጥግ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የአዳራሹ ቬንትሌተር ሲዞር አውሮፕላኗ ከጠረጴዛው ተነሥታ ሄደች። አንድ እንግዳ ከወለሉ አንሥተው ሲሰጡት «ጎበዝ! ግን ለአገር የሚጠቅም ነገር ለምን አትሠራም?» አሉት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ መብረር የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች።

ቆርቆሮውን በበየደው ተማሪ ላይ ክፉ አልናገርም። ያጨበጨብነው እኛ ነን፤ እሱ ያደረገው ጭብጨባችንን ሰምቶ የምንወደውን ማቅረብ ነው። በዚህ አገር «ላም አለኝ በሰማይ» ተረት ብቻ ሳይሆን የፈጠራ ፖሊሲ ሊሆን ምንም አልቀረው።

የራይት ወንድማማቾችን ነገር እንውሰድ። በ1878 እ.ኤ.አ. አባታቸው ከመንገድ ሲመለሱ አንዲት አሻንጉሊት አመጡላቸው። ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራች፣ በላስቲክ የምትሽከረከር። የሐሳቡ ባለቤት አልፎንስ ፔኖ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር፤ እሱ በ1871 ፓሪስ ላይ የለቀቃት የላስቲክ አውሮፕላን 11 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ቆይታ 40 ሜትር ገደማ በራለች። ልጆቹ የአባታቸውን አሻንጉሊት አይተው ብዙ ሠሩ። ትልቅ አድርገው በሠሯት ቁጥር ግን እምቢ አለቻቸው። መጠኑን እጥፍ ስታደርገው የሚጠይቀው ጉልበት ከእጥፍ እጅግ እንደሚበልጥ የተማሩት ኋላ ነው። ከአሻንጉሊቷ እስከ 1903ቱ በረራ 25 ዓመት አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያልነው እኛ ነን፤ እንቁላሉን ሰብረን «ዶሮው የታለ?» የምንለውም እኛው።

በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ በራሱ ጥረት አንብቦና ቪዲዮ አይቶ፣ አሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ ሰው የሚጭን አውሮፕላን ሠርቶ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ለዚያ ሰው ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ሰውየው ልጅ ሳለ ትንሿን የሚሠራበት ክበብ፣ የሚማከረው መምህር፣ የሚሰብረው አገዳ ሰጥተነው ነበር? መሰላሉን ከልክለን ጣራ ላይ ውጣ ማለት የት የተማርነው ነው?

ነገሩ ሥር አለው። ሥነ ቃል ሳስተምር ለተማሪዎቼ «የአካባቢያችሁን ስድቦች ሰብስቡ» የሚል የቤት ሥራ እሰጥ ነበር። በየዓመቱ የሚመጣልኝ ዝርዝር ተመሳሳይ ነው፤ ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ቁጢት በጣሽ... የስድብ መዝገባችን የሙያ ዝርዝር ነው! ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ መንገድ ዳር ወለቃ አለች። እዚያ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውን ቀጥቅጠው፣ ሸክላውን ጠፍጥፈው አገሩን ሲያበሉ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ በአገሩ የሉም፤ ስድቡ ግን ከእኛ ጋር ቀርቷል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ ከልክለው ነበር። አፄ ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። እኛ ከጋፋት የመረጥነው ሴባስቶፖልን ነው፤ ትልቅ ናትና። ጋፋትን ግን ትምህርት ቤት አላደረግነውም።

አሁን ወደ ሰማዩ እንውጣ።

አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በጌምድርስ መቼ አወቀው? ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት። የበጌምድሩ ገዢ የራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ሜዳ ላይ ሳለ ከላይ መጀመሪያ ወረቀት ወረደበት፤ ቀጥሎ ቦምብ። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ። የበጌምድር ሰው ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀው እንዲህ ነው።

በ1928 የፋሺስት አውሮፕላን ቦምብና መርዝ ጋዝ ይዞ በሰሜን ግንባር መጣ። ጣሊያን ጎንደር ላይ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ ደግሞ ከተማዋ የእንግሊዞችን ቦምብ ቀመሰች። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተተኮሰ ሮኬት አውሮፕላን ማረፊያዋን መታ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ድሮን መጣ፤ በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮም ጽፈዋል።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በዚህ ደጋ ሰማይ የሚወርድብን እንጂ ከእጃችን የሚወጣ ነገር አላገኘንም። አገሪቱ ፈጽሞ አልሞከረችም አልልም። በ1928 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር «ፀሐይ»ን ሠርቶ አብርሯል፤ ጣሊያን ወስዷት ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። በደርግ ዘመንም አየር መንገዳችን የእርሻ መድኃኒት የሚረጩ «እሸት» የተባሉ አውሮፕላኖችን ገጣጥሟል። ደስ ይላል። ግን እነዚህ የአዲስ አበባ ታሪኮች ናቸው። የወለቃ ልጅ ስለ «ፀሐይ» በቴሌቪዥን ይሰማል፤ ስለ ድሮን ግን የሚሰማው በራሱ ጆሮ ነው።

ይህን የምለው በወሬ አይደለም። ከወርቅ ቤቱ ማግስት ከልጁ ጋር ከወለቃ አለፍ ብሎ ወዳለ የታጨደ ማሳ ሄድን። ንፋስ የለም። አውሮፕላኗን ወረወራትና ሞተሮቹ «እዝዝዝ» አሉ። በአየር ላይ ስታምር! ወረቀቱ ፀሐይ እያሳለፈ አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ከበስተጀርባችን አንድ ነገር ዱብ አለ። ዞር ስል የጭራሮ ሸክም መንገዱ ላይ ተበትኗል፤ አንዲት አሮጊት አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ደረታቸው ሥር ጨምረው፣ ነጠላቸውን ከላይ ደፍተው ቦይ ውስጥ ተኝተዋል።

ልጁ ሞተሩን አጠፋው። አውሮፕላኗ በዝምታ ተንሳፍፋ ቃርሚያው ላይ አረፈች። ሁለታችንም ሮጥን። እኔ የምለው ጠፋኝ። እሱ ግን አንሥቷት መጣና በርከክ ብሎ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀት ነው። ይኸው ይያዙት።»

«ድምፁ እኮ ነው ልጄ» አሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «መልኩንማ ማን ቀና ብሎ ያያል? ድምፁ!»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ግን ተቀበሉት። መዳፋቸው ላይ አድርገው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ ልክ እንደ ወርቅ ሻጩ ሚዛን።

«ይቺ ናት? ይቺስ እንኳን ሰው እንቁላልም አትሰብር።»

ልጁ ከነጠላው ሥር ብቅ ብሎ «ድገመው!» አለ። አሮጊቷም ትንሽ አሰቡና፣ «ያለ ድምፅ የሚሆንልህ ከሆነ ድገመው» አሉት።

ያን ዕለት ማታ የእህቴ ልጅ ሁለቱን ሞተሮች ፈትቶ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጣቸው። የላስቲኩን ማንጠልጠያ መልሶ ገጠመ። ማንም አላዘዘውም። በማግስቱ አሮጊቷ በሚያልፉበት ሰዓት ሄዶ ያለ ድምፅ ደገመው።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ራስህ መለስከው፤ በዚህ ጊዜ የምን ሬዲዮ፣ የምን አውሮፕላን ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይህን ክርክር አልንቀውም። ከዚህም የከበደ ላምጣላችሁ፤ አሻንጉሊት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ሬጂናልድ ዴኒ የተባለው ተዋናይ ሆሊዉድ ውስጥ የሞዴል አውሮፕላን ሱቅ ከፍቶ ነበር። በሬዲዮ የሚታዘዙ ሞዴሎችን መሥራት ጀመረና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ድርጅቱ ለአሜሪካ ጦር 15,000 ያህል የተኩስ መለማመጃ ድሮኖች ሠራ። ስለዚህ መንግሥት ዓይኑን ይጨፍን አልልም።

የምለው ሌላ ነው። ድሮን አገር ውስጥ ለማስገባት የኢንሳ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል፤ ይሁን። ግን ካሜራ ተሸክሞ ኪሎ ሜትሮች የሚሄደውንና ከአገዳና ከጫማ ወረቀት የተሠራውን፣ ማሳ የማይሻገረውን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ዓይን ማየት ጥበቃ ሳይሆን ስንፍና ነው። አሜሪካኖች ለመዝናኛ የሚበር ሰው አልባ አውሮፕላን ከ250 ግራም በታች ከሆነ ምዝገባ አይጠይቁም። ለምን? ስለመዘኑት። የእኛዋ የዚያን አንድ ስድስተኛ እንኳ አትሞላም። በኪሳችሁ ያለው ሞባይል የአራት ወይም የአምስት እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች ክብደት አለው።

ስለዚህ አቤቱታዬ ይኸው። ሕግ አውጪዎች፣ ክብደት ለይታችሁ ጻፉልን። ለሕፃን መጫወቻና ለጦር መሣሪያ አንድ አንቀጽ አትስጡ። የዐውደ ርእይ አዘጋጆች፣ ውድድሩን በሰከንድ ዳኙት። የክብር እንግዳ ፎቶ የሚነሣበት ሳይሆን አየር ላይ የሚቆየው ያሸንፍ። ቬንትሌተሩንም እስከዚያው አጥፉልን። ርእሳነ መምህራን፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ምላጭና ኮላ ስጡ፤ ላስቲክ ከአሮጌ ከመነዳሪ ይቆረጣል፤ አገዳውን ልጆቹ ያመጡታል። ወላጆች፣ «ይህን ትተህ አጥና» ከማለታችሁ በፊት ልጁ ምን እያጠና እንደሆነ ጠይቁት። ልጆች ደግሞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ራቁ፤ ከማብረራችሁም በፊት ለአካባቢው ሰው ንገሩ፤ ሰው የሚፈራበት ዘመን ነውና በላስቲክ ጀምሩ። ይህን የመጨረሻውን ያስተማሩኝ አሮጊቷ ናቸው።

ደግሞ አስቡት። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ከማንም በላይ የመፍራት መብት የነበራቸው እሳቸው ነበሩ። ቦይ ውስጥ ተኝተው ነበር። ከቦዩ ሲወጡ ግን «ማን ፈቀደልህ?» አላሉም። ተቀበሉ፣ መዘኑ፣ ፈረዱ፤ ፍርዳቸውም ሁለት አንቀጽ ያላት ፍትሐዊ ሕግ ነበረች፤ ድገመው፣ ግን አታስደንግጠን። በወፍራም ደመወዝ የምናስቀምጣቸው ሰዎች እንዲህ ያለች አጭር ሕግ ቢያወጡልን ምን ነበረበት?

ከመናቃችንም ከመፍራታችንም በፊት እንመዝን። ሁለቱ ሞተሮች እስከዚያው በክብሪት ቀፎ ውስጥ አሉ።